ምጣዱን ማሰስ፦ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎችን ስሪዲ ፕሪንተር የማሠልጠን የሥራ ማስታወሻ

ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ሁለቱ ስሪዲ ፕሪንተሮች፣ ማለትም ፕላስቲክ አቅልጠው በንብርብር ዕቃ የሚሠሩ ማሽኖች፣ ዛሬ ከካርቶናቸው ወጡ። የተሰጠን ክፍል ድሮ ጋዜጣ ይከማችበት የነበረ፣ ሁለት መስኮት ያለው ጠባብ ክፍል ነው። መጀመሪያ የንባብ አዳራሹ ጥግ ላይ ልናስቀምጣቸው ነበር። ነገር ግን አዲስ አበባ በዚህ ወቅት የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ከጠዋት እስከ ማታ ወንበር አይለቅም፤ የማሽኑ ማራገቢያ ደግሞ ለሰዓታት እዝዝ ሲል ይውላል። ጸጥታው የተፈታኞቹ ነው ብለን ወደ ጋዜጣው ክፍል ገባን።

ሠልጣኞቹ ስድስት ናቸው፦ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀራቸው የካታሎግ ክፍሉ ጋሼ፣ የማጣቀሻ ክፍሏ እትዬ፣ የልጆች ክፍሏ ወጣት፣ የዓይነ ስውራን ክፍል የብሬል ባለሙያዋ፣ ከውሰት ክፍል ደግሞ ሁለት ልጆች። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። ሰኞና ረቡዕ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት፣ ለአሥር ሳምንት እንገናኛለን። እኔ እነሱን አሠለጥናለሁ፤ እነሱ አንባቢውን ያስተምራሉ። እኔ ከሄድኩ በኋላም ክፍሉ ክፍት ሆኖ እንዲቀጥል ነው የምፈልገው።

የመጀመሪያውን ጥያቄ የጠየቁኝ ጋሼ ናቸው። «ልጄ፣ ይኼ ነገር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ምን ይሠራል?»

የማውቀውን ነገርኳቸው። በኒውዮርክ ግዛት ፌየትቪል የምትባል ትንሽ ከተማ ያለ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በ2011 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለ ክፍል ከፍቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ብዙዎች ተከተሉት። በ2018 እ.ኤ.አ. ሄልሲንኪ ውስጥ የተከፈተው ኦዲ የተባለ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ከመጻሕፍቱ ጋር ስሪዲ ፕሪንተርም የልብስ ስፌት መኪናም ለሕዝብ ያስጠቅማል። ማሽኑ እንዲህ የረከሰው ፕላስቲክ አቅልጦ በንብርብር የመሥራት ዘዴው ፓተንት በ2009 እ.ኤ.አ. ጊዜው ስላበቃ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም እየገጣጠመ ይሸጠዋል።

ጋሼ ዝም ብለው አዳመጡኝና ወጡ። ሲመለሱ መጻሕፍት በየጉዳያቸው ቁጥር የሚሰጥበትን የዲዊን የምደባ መጽሐፍ ይዘው ነበር፤ ጣታቸውን ገጹ ላይ አሳርፈው «621.988» አሉ። «ቁጥር ካለው ቦታ አለው ማለት ነው። ቀጥይ።»

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

ዛሬ የተማርነው ከማሽኑ ይልቅ ስለ ቃል ነው።

ኖዝሉ ማለትም የቀለጠው ፕላስቲክ የሚወጣበት አፍ ከታች ካለው ጠፍጣፋ ሳህን ጋር ያለው ክፍተት በጣም ትንሽ መሆን አለበት። ብዙ ሰው የሚለካው በወረቀት ነው፦ ወረቀቱን አስገብቶ ሲጎትተው ትንሽ ያዝ ካደረገ ልክ ነው። እኔም «በአራቱም ማዕዘን ወረቀት እያስገባችሁ አስተካክሉ» ብዬ ወደ ሁለተኛው ማሽን ዞርኩ።

ማተም ስንጀምር ክሩ ሳህኑ ላይ አልተኛም፤ ያልተጫነ ድርና ማግ ይመስል ከላይ ከላይ ተጋደመ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ የተሠራው ሁሉ ተነቅሎ ኖዝሉ ላይ ተጠቀለለና ፓስታ ሆነ። ሙቀቱን አየሁ፤ ኖዝሉ 205፣ ሳህኑ 60 ዲግሪ፤ ልክ ነው። ሳህኑን ጠረግሁት፤ ደገምን፤ ያው ሆነ። አርባ ደቂቃ ያህል ስፈልግ ቆየሁ፤ ስድስቱም ቆመው ያዩኛል።

እትዬ ናቸው የጠየቁት። «በምን ነበር የለካችሁት?»

ጋሼ ኪሳቸው ገብተው አወጡት። አሮጌ የካታሎግ ካርድ። መሳቢያዎቹ ወደ ኮምፒውተር ከተገለበጡ ወዲህ ጀርባው ባዶ የሆነው ካርድ ለሁሉም ነገር ያገለግላል፤ ማስታወሻ ይጻፍበታል፣ ጠረጴዛ ሲነቃነቅ እግሩ ሥር ይገባል። «ወረቀት አልሽ፤ ይኸው ወረቀት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እሳቸው ሠላሳ ዓመት ወረቀት ሲሉ የኖሩት ይህንኑ ነው።

አሥር ካርድ ደርድረን በማስመሪያ ለካን፤ ሁለት ሚሊሜትር ተኩል ገደማ መጣ። መቶ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ደግሞ አንድ ሳንቲሜትር ያህል። ካርዱ የወረቀቱን ሁለት እጥፍ ተኩል ይወፍራል ማለት ነው። የመጀመሪያው ንብርብራችን ውፍረቱ 0.2 ሚሊሜትር ነው፤ በዚያ ላይ ካርዱ ክፍተቱን ከልኩ አሰፋው፤ ፕላስቲኩ የሚጫነው አጥቶ ሳይጣበቅ ቀረ። በፎቶ ኮፒ ወረቀት አስተካክለን ስንደግመው አንድ ጊዜ ለጥ ብሎ ተኛ።

ጋሼ ካርዱን አልጣሉትም። ገልብጠው በዚያ በተለመደ የካታሎግ እጅ ጽሕፈታቸው ጻፉበት፦ «001። ብልሽት፦ የመጀመሪያ ንብርብር አልያዘም። ምልክት፦ ክሩ ክብ ሆኖ ይተኛል። ምክንያት፦ የመለኪያ ወረቀት ወፍራም። መፍትሔ፦ 80 ግራም የፎቶ ኮፒ ወረቀት ብቻ።» ከታች ቀኑን አሰፈሩ። ባዶ መሳቢያ አምጥተው በሩ አጠገብ አስቀመጡና ካርዱን ከተቱት። እኔ ያዘጋጀሁት የችግር መፍቻ ሰነድ ዐሥራ አራት ገጽ ነው፤ ማንም አልከፈተውም። መሳቢያው ግን ዛሬውኑ ሁለት ጊዜ ተከፍቷል።

ግንቦት 11፣ ሰኞ

የማዕዘን መነሳት ገጠመን። ስምንት ሳንቲሜትር የሚሆን ሳጥን ስናትም አንዱ ጥግ ከሳህኑ ቀስ እያለ ተነሳ። ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ የላይኛው ንብርብር የታችኛውን እየሳበ ጥጉን ያስለቅቀዋል። ይህን በስዕል ላስረዳ ጠመኔ አንስቼ ሳለ እትዬ ቀደሙኝ። «እንጀራ ጠርዙ ሲነሳ በሰለ እንላለን። ይኼ ጠርዙ ሲነሳ ተበላሸ።»

ከዚያ በኋላ ሳህን የሚለው ቃል ጠፋ፤ ምጣድ ሆነ። ሳህኑን ከጣት ቅባት በአልኮል መጥረግ ደግሞ ምጣዱን ማሰስ። የልጆች ክፍሏ ወጣት «ካልታሰሰ ይይዛል ወይስ አይዝም?» ብላ ጠየቀች፤ ጥያቄዋ ትክክል ነው፤ በእንጀራ ምጣድ ካልታሰሰ ይይዛል፣ በእኛ ምጣድ ካልታሰሰ አይዝም። ልዩነቱን ካርድ 004 ላይ አስገብተነዋል። ኖዝሉ ከቦታ ቦታ ሲሄድ የሚተወው ቀጭን ፀጉር መሳይ «ድር» ተባለ። ስያሜዎቹን እኔ አላወጣሁም። አንባቢው ሲመጣ የሚሰማው እነዚህን ነው፤ እኔም በእነሱው መናገር ጀምሬያለሁ።

ጥጉን ያስነሳው ምክንያት መስኮቱ ነበር። ለአየር ብለን የከፈትነው መስኮት ቀጥታ ምጣዱ ላይ ይነፍሳል። መስኮቱን መዝጋት አልፈለግንም፤ ማሽኑን አዞርነው። የምንጠቀመው ፒ ኤል ኤ የሚባለውን የፕላስቲክ ዓይነት ብቻ ነው፤ ኤ ቢ ኤስ የሚባለው ሌላው ፕላስቲክ ሲቀልጥ የሚያወጣው ጭስ ሰው የሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ውስጥ መግባት የለበትም። በዚህ አልደራደርም።

ግንቦት 13፣ ረቡዕ

አንድ ሕግ አወጣን፦ የሚያስተምር ሰው እጁን ወደ ኋላ ያደርጋል።

ከውሰት ክፍል የመጡት ሁለቱ ልጆች ፈጣኖች ናቸው፤ የሚያስተምሩት ሰው አምስት ሴኮንድ ካመነታ ማውዙን ይነጥቁታል። ተማሪው ሥራው ሲሠራ ያያል እንጂ አይሠራም፤ ቤቱ ሲገባ ምንም የለውም። ዛሬ ሁሉም የተማሩትን ላልተማረ ሠራተኛ እንዲያስተምሩ አደረግሁ። ከሁለቱ አንዱ የበር ጥበቃውን አመጣ። እጁን ከኋላው አቆላልፎ፣ ከንፈሩን እየነከሰ ቆመ። ጥበቃው የፊላመንቱን፣ ማለትም ማሽኑ የሚያቀልጠውን የፕላስቲክ ክር፣ ጫፍ በሰያፍ ለመቁረጥ ብቻ ስድስት ደቂቃ ወሰደባቸው፤ ግን ራሳቸው ቆረጡ፣ ራሳቸው አስገቡ፣ ክሩ በአፉ ሲወጣ ራሳቸው «ወጣ!» አሉ።

ቀጥለው የጠየቁት ጥያቄ ማንኛችንም ያላሰብነው ነው። «ሌሊት ብቻውን ትታችሁት ትሄዳላችሁ? እኔ ነኝ የማድረው።» አንሄድም አልናቸው። ክፍሉ ውስጥ ሰው ከሌለ ማሽን አይበራም። ይህም በሩ ላይ ተለጠፈ።

ግንቦት 18፣ ሰኞ

መብራት ጠፋ። የሦስት ሰዓት ሥራ ሁለተኛው ሰዓት ላይ ደርሶ ነበር። ማሽኑ የቆመበትን ንብርብር ያስታውሳል፤ መብራት ሲመጣ «ልቀጥል?» ብሎ ይጠይቃል። ግን ምጣዱ በቀዘቀዘባቸው ሃምሳ ደቂቃዎች ውስጥ ዕቃው ራሱ ለቆ ነበር፤ ሲቀጥል አየር ላይ አተመ። ካርድ 007። ከዛሬ ጀምሮ ለአዲስ ተማሪ የሚሰጠው የመጀመሪያ ሥራ ከ45 ደቂቃ አያልፍም። የሠራውን በእጁ ይዞ መውጣት አለበት።

ግንቦት 20፣ ረቡዕ

ፊላመንት ማውጣትና ማስገባት። ስድስቱም ሦስት ሦስት ጊዜ። ሌላ ምንም።

ግንቦት 27፣ ረቡዕ

ዛሬ የቀረውን የሥልጠና መርሐ ግብር ግማሹን ቀደድኩት፤ ምክንያቱን በደንብ መጻፍ እፈልጋለሁ።

የማስተማር ልምምድ ነበር። እኔ አዲስ አንባቢ ሆኜ በሩን አንኳኳሁ። ከልጆቹ አንዱ በደንብ ተቀበለኝ፤ አስቀመጠኝ፤ ከዚያ ጀመረ። የክሩ ውፍረት 1.75 ሚሊሜትር፣ የኖዝሉ ቀዳዳ 0.4፣ ጂ ኮድ ማለት ማሽኑ የሚያነበው የትእዛዝ ዝርዝር፣ ውስጡ ስንት በመቶ ይሞላ... ሃያ አምስት ደቂቃ። አንድም ስሕተት አልተናገረም። ሁሉንም እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ተማሪ ሆኜ ስቀመጥ ግን ምን ልሠራ እንደመጣሁ እስካሁን የጠየቀኝ የለም።

ተራው የእትዬ ሆነ። ከወንበራቸው እንኳ አልተነሱም። መነጽራቸውን አውርደው አዩኝና «ምን ልታደርጊበት ነው፣ የኔ ልጅ?» አሉ።

ያልተዘጋጀሁበት ጥያቄ ነበር። እንዲያው «የስልክ ማቆሚያ» አልኩ። «የት ልታቆሚው?» ወጥ ቤት። «ወጥ ቤት ስልክ ምን ይሠራል?» እናቴ ሩቅ አገር ነው ያለችው፤ ወጥ ስሠራ በቪዲዮ እናወራለን። «እንግዲያው እጅሽ ቅባት ነው፤ በአንድ ጣት የምትነኪው፣ እንፋሎት የማይደርስበት ከፍ ያለ ነገር ነው የምትፈልጊው።» ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። የሚሠራው ዕቃ ተለወጠ።

እትዬ ይህን የተማሩት ከማሽን አይደለም። ማጣቀሻ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሰው በየቀኑ የሚሠራው ሥራ ነው። ተማሪ መጥቶ «የሒሳብ መጽሐፍ» ይላል፤ ሲጠየቅ ያለፉ ዓመታት ፈተና ነው የፈለገው። አንድ አባት «የሕግ መጽሐፍ» ይላሉ፤ የፈለጉት የቤት ኪራይ ውል ነው። ሰው መጀመሪያ የሚለው የመጣበትን ጉዳይ ሳይሆን በሩን የሚያስከፍትለትን ቃል ነው፤ በጨዋ ጥያቄ ወደ ጉዳዩ መውሰድ የባለሙያው ተግባር ነው። ስድስቱም ይህን ከእኔ በላይ ያውቃሉ። እኔ ግን መርሐ ግብሩን ለቴክኒሻን ጽፌዋለሁ፤ ገና ከመጀመሪያው ቀን ይህን እውቀታቸውን በር ላይ እንዲያወልቁት ነው ያስገደድኳቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ከዛሬ በኋላ ማንኛውም ትምህርት «ምን ልታደርግበት ነው?» በሚል ይጀምራል። ጂ ኮድ የጠየቀ ይነገረዋል።

ሰኔ 2፣ ሰኞ

ድልድይ አስቸገረን። ከሥሩ ምንም ሳይኖር ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው የሚዘረጋው ንብርብር እየረገበ ይወርዳል። የማሽኑ መመሪያ ላይ ያለው ቁጥር ሁሉ ልክ ነው፤ ግን መመሪያው የተጻፈው ባሕር ጠረፍ ላለ ሰው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፤ አየሩ በጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው የሚከብደው። ማራገቢያው እኩል ቢዞርም የሚገፋው አየር ስስ ስለሆነ ፕላስቲኩን ቶሎ አያቀዘቅዘውም። ሙቀቱን አምስት ዲግሪ ቀነስን፤ ፍጥነቱን ዝቅ አደረግን፤ ማራገቢያውን ሙሉ ለቀቅን። ቆመ። የልጆች ክፍሏ ወጣት «ለዚህ ነው ሽሮ ሜዳ ድንች ለመብሰል የሚቆየው» አለች፤ እዚያ ውኃው ገና በ91 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ።

ዝናቡም ጀምሯል። ፒ ኤል ኤ እርጥበት ይጠጣል፤ ሲቀልጥ ጠሽ ጠሽ ይላል፣ ድሩ ይበዛል። ጥቅሎቹን ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ባልዲ እርጥበት ከሚመጠው ሲሊካ ጄል ጋር አስገብተናል። ፊላመንቱ የመጣልን ከዱባይ በሰው ሻንጣ ነው፤ አንዷ ጥቅል አንድ ኪሎ፣ 330 ሜትር ገደማ ክር። አንድ ሜትርም ዝናብ እንዲበላብኝ አልፈልግም።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

የመጀመሪያዎቹ ተገልጋዮች መጡ፤ አምስት ናቸው። አራቱን በአጭሩ ልለፋቸው፦ አንዲት ተማሪ የተሰበረ የቦርሳ ማያያዣ፣ አንድ አባት የልጃቸውን ስም፣ ሁለት ወንድማማቾች ለቤት ሥራ የፀሐይ ሥርዓት። ሁሉም ሠርተው፣ ይዘው ሄዱ።

አምስተኛው የዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪ ነው፤ ዓይነ ስውር ነው። የብሬል ባለሙያዋን ለዓመታት ያውቃታል። «ሀ ሥሪልኝ» አላት። «በጣቴ ማየት እፈልጋለሁ።»

ወዲያው ወደ ኮምፒውተሩ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። «ሀን ካየህ በኋላስ?» አለችው።

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ነገራት። ባንክ በሄደ ቁጥር አውራ ጣቱን ቀለም ነክረው ያስጭኑታል። ውሉን ያነበበው እሱ፣ የሚረዳው እሱ፤ መጨረሻ ላይ በአውራ ጣት። ብሬል ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያነባል፤ ዓይን ያለው ሰው የሚጽፈው ፊደል ግን ምን እንደሚመስል አያውቅም። የፈለገው በራሱ እጅ ስሙን መፈረም ነው።

ሁለቱም ክፍሉን ለቀው ከወጡ በኋላ ለረጅም ጊዜ እዚያው ተቀምጬ ነበር። ሀ ብቻ አትመን ብንሰጠው ኖሮ አመስግኖን ይሄድ ነበር።

ሰኔ 16፣ ሰኞ

ለሕግ ተማሪው የስሙን ፊደሎች በሰሌዳ ስንሠራ ሁለት ችግር ነበረን። የመጀመሪያው ፊደሉን ዲዛይን ውስጥ ማስገባት። በምንጠቀምበት ፕሮግራም በቀጥታ ስንጽፍ የሚወጣው ባዶ ሳጥን ነው። መንገዱ ይህ ሆነ፦ ኢንክስኬፕ በሚባል የሥዕል ፕሮግራም ውስጥ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በሚባለው የፊደል ቅርጽ ጽፈን ፊደሉን ወደ መስመር ቀየርነው፤ ኤስ ቪ ጂ በሚባል የሥዕል ፋይል አስቀምጠን ዲዛይኑ ውስጥ ከተትነው፤ ከፍታ ሰጠነው። ካርድ 013 ላይ ደረጃ በደረጃ አለ።

ሁለተኛው ከባድ ነበር። ፊደሉን ከሁለት ሚሊሜትር ሰሌዳ ቆርጠን አወጣነው፤ እስክሪብቶ በክፍተቱ ገብቶ ወረቀት ላይ እንዲጽፍ ብለን። ከስሙ ፊደሎች አንዱ መ ነው። ሰሌዳውን ከምጣዱ ስናነሳ የመ ሁለቱ ቀለበቶች ውስጣቸው ጠብ ጠብ ብሎ ወደቀ። የሚይዛቸው ነገር የለም፤ ዙሪያቸውን ሁሉ ቆርጠነዋል። ጋሼ ሁለቱን ቁራጮች ከወለል ለቅመው ካርድ 014 ላይ በፕላስተር ለጠፏቸው።

መፍትሔውን ያመጣችው የብሬል ባለሙያዋ ናት። «አንቁረጠው። እንቦርቡረው።» አራት ሚሊሜትር ሰሌዳ፣ አንድ ሚሊሜትር ተኩል የሚጠልቅ ቦይ፣ የእስክሪብቶ ጫፍ የሚሄድበት ሦስት ሚሊሜትር ስፋት። ወለሉ ስላለ ቀለበቱ አይወድቅም። እያንዳንዱ ፊደል የሚጀመርበት ላይ ትንሽ ነቁጥ ከፍ አድርጋ ጨመረች፤ ብዕሩ ከየት እንደሚነሳ ጣት እንዲያውቀው። በሰሌዳው ፊደሉን ይለማመዳል፤ ወረቀት ላይ ለመፈረም ደግሞ ቦታውን የሚያሳይ መስኮት ያስፈልገዋል።

ሰኔ 25፣ ረቡዕ

የሕግ ተማሪው መጣ። ሰሌዳውን በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ጠርዙን ዞረ፤ ከዚያ ቦዩ ውስጥ ገባ።

ከስሙ በፊት ለ፣ ሉ፣ ሊ እና ላን ጎን ለጎን አድርገን ሰጥተነው ነበር። ጣቱ በአራቱ ላይ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። «አካሉ አንድ ነው» አለ። «እኛ ጋ ተነባቢው ቀድሞ አናባቢው ለብቻው ይከተላል። እናንተ ጋ አናባቢው እግርና እጅ ሆኖ ተቀጠለ።» እኔ ፊደል ከቆጠርኩ ሠላሳ ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ እንዲህ ብዬ አስቤው አላውቅም።

«እጅ ወደ ኋላ» ያልነው ሕጋችን እዚህ ላይ ተሻሻለ። የብሬል ባለሙያዋ የብዕሩን እንቅስቃሴ ለማሳየት እጁን ይዛ መምራት ትችል ነበር፤ አላደረገችውም። የራሷን እጅ ቦዩ ላይ አድርጋ «እጅህን እጄ ላይ አድርግ» አለችው። እሷ ጻፈች፤ እሱ ከላይ ተከተለ። ሲፈልግ አነሳ፣ ሲፈልግ መለሰ። የሚመራውም የሚያቆመውም እሱ ነው። ካርድ 018 ብልሽት አልተጻፈበትም፤ ጋሼ የመጀመሪያውን ነጭ ካርድ ለዚህ ከፈቱ።

የመፈረሚያውን መስኮት ግን ራሱ ሊሠራው ፈለገ። በማውዝ የሚሠራው ፕሮግራም አያገለግለውም። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ሁለቱ አብረው ኦፕንስካድ የሚባል ሌላ ፕሮግራም ተማሩ፤ ቅርጹ የሚሠራው በጽሑፍ ነው፤ ኤንቪዲኤ የሚባለው ስክሪን አንባቢ መስመር በመስመር ያነብለታል። 90 በ40 በ2 የሆነ ሳጥን ጻፈ፤ ከውስጡ 70 በ20 የሆነውን ቀነሰ። ያ ነው በቃ። እኔ ኦፕንስካድ አላስተማርኳቸውም፤ በመርሐ ግብሬም አልነበረም። አንድ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ከአንባቢዋ ጋር ገጽ እያገላበጠች የማታውቀውን ተማረች።

ሲታተም ሁላችንም ስናወራ እሱ እጁን አነሳ። «ድምፁ ተለወጠ።» ዝም አልን። ቀጭ... ቀጭ... በጣም ቀስ ያለ። ፊላመንቱ ጥቅሉ ላይ ተቆላልፎ ገፊው ጥርስ እየተንሸራተተ ነበር። ሌላ አምስት ደቂቃ ብንቆይ ንብርብሩ ይሳሳ ነበር። አቆምን፣ ፈታን፣ ቀጠልን። ይህን ድምፅ ለይተው እንዲያውቁ ስድስቱንም በተራ አስደመጣቸው።

መስኮቱ ሲቀዘቅዝ ነጭ ወረቀት ላይ አደረገው፤ በግራ ጣቱ ጠርዙን ያዘ፤ ጻፈ። የመ ሁለተኛው ቀለበት አልተዘጋም። ሲነግሩት «እከፍተዋለሁ፣ የእኔ ፊርማ እንዲህ ነው» አለ። አሥራ አንድ ጊዜ ፈረመ። አሥራ አንዱም ቀለበቱ ክፍት ነው።

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

ዛሬ ክፍሉ አልገባሁም። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጬ በሩን አየሁ። ጋሼ ከአንዲት የልብስ ሰፊ ጋር ነበሩ፤ «ምን ልታደርጊበት ነው?» ሲሉ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ረጅም ጸጥታ፣ ከዚያ የእሷ ድምፅ። አንድ ጊዜ ብቻ ኖዝሉ ተደፍኖ ጋሼ ወጡ። ወደ እኔ የመጡ መስሎኝ ተነሳሁ። ወደ መሳቢያው ነበር። ካርድ 009ን ይዘው ተመለሱ።

ባንኩ የሕግ ተማሪውን ፊርማ ተቀብሎታል። ማመልከቻ ጽፎ፣ ሁለት ጊዜ ተመልሶ፣ በመጨረሻ የናሙና ፊርማ ካርድ ላይ በመስኮቱ ፈረመ። ሁለት የግቢ ጓደኞቹን ሊያመጣ ነው። መልእክቱን የላከው ለእኔ ሳይሆን ለብሬል ባለሙያዋ ነው።

የቀረን ፊላመንት 410 ግራም። አንድ ሰሌዳ 17 ግራም፣ አንድ መስኮት 6 ግራም፤ ለሁለቱ 46 ግራም። ሰሌዳው አንድ ሰዓት ከሩብ ስለሚፈጅና ከሰዓት በኋላ መብራት ስለማይታመን ለእነሱ ጠዋት 3 ሰዓት ተቀጥሯል። ምጣዱን የልጆች ክፍሏ ወጣት ታስሳለች።